ቀለሙን ሳይሆን ጉልበቱን እንግዛ

ይድረስ ለሠፈራችን ነዋሪዎችና ለማኅበራችን አባላት በሙሉ፤

ማኅበራችን በጋራ የሚጠቀምበት አንድ ያገለገለ ትንሽ ትራክተር ይግዛ የሚለው ሐሳብ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተነሣ ወዲህ፣ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየሻይ ቤቱና በየለቅሶ ድንኳኑ የሚወራው ይኸው ብቻ ሆኗል። መወራቱ አይከፋም። የሚከፋው ወሬው ከፍተሻው ቀድሞ ዋጋ መቁረጡ ነው። «ዋጋው ደኅና ነው፤ ሌላ ገዢ ሳይቀድመን ቀብድ እንጣል» የሚሉ አባላት በርክተዋል። እኛ ደግሞ የምንለው እንዲህ ነው፦ ማሽኑ ሳይፈተሽ፣ ወረቀቱ ሳይመረመር፣ ዋጋው በሒሳብ ሳይወጣ ከማኅበሩ ሣጥን አንዲት ብር መውጣት የለባትም። ይህን ያልንበትን ምክንያት ሁሉም አንብቦ እንዲፈርድ በዚህ ሰሌዳ ላይ አውጥተነዋል።

ትራክተሩን የጠላን የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ውኃ አዝሎ ይከርማል፤ ኮትቻው ሲርስ ሙጫ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ሣሩ በጥቅምትና በኅዳር ካልታጨደ ጭድ ሆኖ ይቀራል። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚፈልገው በዚያ ሰሞን አይገኝም። ትራክተር ቢኖረን ሣር ያጭዳል፣ ድርቆሽ ይጎትታል፣ ውኃ ያመላልሳል፣ ማሳም ያለሰልሳል። ይህንን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጥሩ ነገር መፈለግ አንድ ነው፣ በትክክለኛ ዋጋው መግዛት ሌላ ነው።

ገንዘቡስ የማን ነው? ማለዳ ተነሥታ ላም አልባ፣ ወተት ሸጣ በየወሩ ያዋጣች እናት ገንዘብ ነው። ከጭነት መኪና ላይ ድንጋይ ሲያወርድ ውሎ ያዋጣ ወጣት ገንዘብ ነው። ጡረታ የወጡ አባት ከጡረታቸው ቀንሰው ያመጡት ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ እስኪጠራቀም ስንት ዓመት ነው? ትራክተሩ ተገዝቶ በሦስተኛው ወር ቢቆም፣ አብሮት የሚቆመው የአባላት እምነት ነው። ከዚያ ወዲያ ለቦይም ይሁን ለመብራት አዋጡ ቢባል ማን ያዋጣል?

በሬ ስንገዛ እንዴት ነው?

ከመካከላችን በሬ ሲገዛ ቆዳው ስለሚያብለጨልጭ ብቻ ገንዘብ የቆጠረ ሰው አለ? የለም። አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን። አስሄደን ኮቴውን እናያለን። ሻኛውን እንዳስሳለን፣ ቀንበር የበላውን ጠባሳ እንፈልጋለን። «ያርሳል ወይ?» ብለን የሚያውቀውን ሰው እንጠይቃለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ለአንድ በሬ ነው። ታዲያ የብዙ በሬ ዋጋ የሚያወጣውን ብረት ስንገዛ ምነው ዓይናችንን ጨፈንን? ቀለም ስለተቀባ? ወንበሩ አዲስ ላስቲክ ስለለበሰ? ቀለም እኮ ከሁሉ የሚረክሰው ጥገና ነው። ሻጭ ማሽኑን ለማሳመር የሚያወጣው ትንሹ ወጪ ገዢውን የሚያስከፍለው ትልቁ ዋጋ ሲሆን እያየን ዝም ማለት አይገባንም።

«ዶላር ስለጨመረ ነው» ለሚሉን

የደላላው ዋና መከራከሪያ የዶላር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአዲስ ትራክተር ዋጋ በዚህ ምክንያት መውጣቱ እውነት ነው። ስለዚህ «አሮጌውም መውጣት አለበት» ይሉናል።

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ዶላር ሲጨምር የሚወደደው ጤነኛው ማሽን ነው። መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ጎማው፣ ፍሪሲዮኑ፣ የናፍጣ ፖምፓው፣ ፋሻው ሁሉ በዶላር ነው። ስለዚህ ብዙ ዕቃ የሚጎድለው ትራክተር ዶላር በጨመረ ቁጥር ለማዳን የሚጠይቀው ገንዘብ ይበዛል፤ ለገዢው ያለው ዋጋም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። ደላላው ዶላሩን የሚያነሣው ዋጋ ሲጨምር ብቻ ነው፤ የጥገናው ሒሳብ ሲመጣ ስለ ዶላር አያወራም። ሁለቱን ወገን አብረን እንቁጠር ነው የምንለው።

ትክክለኛው ዋጋ እንዴት ይወጣል?

ሻጩ የጠራው ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። «እገሌ በዚህ ገዝቷል» የሚባለውም ወሬ ነው፤ እገሌ የገዛውን ማሽን ሁኔታ አላየንምና። የእኛ ሒሳብ በአራት ደረጃ ይሠራ፦

አንደኛ፣ ተመሳሳይ ጉልበትና ተመሳሳይ ስም ያለው ጤነኛ ማሽን ስንት እንደሚጠየቅበት ቢያንስ በሦስት ቦታ ይጠየቅ። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ፍቼ፣ የትም ይሁን፤ ከአንድ ደላላ አፍ ግን አይሁን።

ሁለተኛ፣ እኛ የያዝነውን ማሽን እንደዚያ ጤነኛ ለማድረግ የሚያስፈልገው ዕቃና የእጅ ዋጋ በመካኒክ ተዘርዝሮ ይቀነስ።

ሦስተኛ፣ ተከፍቶ ላልታየው የውስጥ ክፍል መጠባበቂያ ይቀነስ።

አራተኛ፣ ማሽኑ የእኛን ሥራ የማይችል ከሆነ ዋጋው ስንትም ይሁን አይገዛ።

ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። ቁጥሩ ለሒሳብ እንዲመች ያስቀመጥነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ጤነኛው 1,000,000 ብር ነው እንበል። የእኛው ማሽን የኋላ ጎማ 110,000፣ ፍሪሲዮን 70,000፣ ፖምፓና ኖዝል ማስተካከያ 60,000፣ የእጅና የማጓጓዣ 20,000 ይፈልጋል እንበል። ድምሩ 260,000 ነው። ቀሪው 740,000 ይሆናል። ላልታየው ነገር ከመቶ አሥር፣ ማለት 74,000 ሲነሣለት 666,000 ብር ይቀራል። ክርክሩ ከዚህ ይጀመር።

አሁን ሻጩ «ለማኅበር ስለሆነ 100,000 ቀንሼ በ900,000 እሰጣችኋለሁ» ቢል እናጨበጭባለን። ነገር ግን 900,000 ላይ 260,000 ሲጨመር 1,160,000 ነው። ጤነኛው በ1,000,000 እየተገኘ እኛ 160,000 ብር አትርፈን ከፍለን «ቅናሽ አገኘን» ብለን ወደ ቤታችን እንገባለን ማለት ነው። ቅናሽ የሚባለው ከትክክለኛው ዋጋ ሲቀነስ ነው፤ ከተሰቀለ ዋጋ መቀነስ ማባበያ ነው።

በሰዓት ቆጣሪው አንታለል

«ገና 2,000 ሰዓት ነው የሠራው» ይባላል። በብዙ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ቆጣሪው የሚቆጥረው የሞተሩን ዙር ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ከአንድ ሰዓት በታች ይጽፋል። ገመዱ ሲበጠስም ይቆማል፤ ቆጣሪው ራሱም ተለውጦ አዲስ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከብረቱ ጋር እናመሳክር። የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ መርገጫ አልቆ አብለጭልጮ፣ የመጎተቻው ቀዳዳ ተበልቶ ሞላላ ሆኖ፣ የኋላ ማንሻ ክንዶች ግራ ቀኝ እየተንቋቁ ቆጣሪው ትንሽ ካሳየ፣ የሚዋሸው ብረቱ አይደለም።

የተሠራበት ዓመትም ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ማሴ ፈርጉሰን 135 በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተሠራ ነው። ያም ሆኖ የሚያውቀው መካኒክና መለዋወጫው ስለሚገኝ እስከ ዛሬ የሚሠራበት አለ። በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ በተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ የተነሣ የቤላሩስ ትራክተርም በአገራችን መካኒኮች እጅ የታወቀ ሆኗል፤ ለእኛ ሥራ ግን ትልቅ ነው። በአንጻሩ ጃፓን ውስጥ ለሩዝ ማሳ ተብለው ለአገራቸው ገበያ ብቻ የተሠሩ ትንንሽ ትራክተሮች አሉ። ዓመታቸው ቀርቦ፣ መልካቸው አምሮ ይታያሉ፤ መለዋወጫቸው ግን ወደ ውጭ ከሚላኩት ሞዴሎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ቢሰበር ዕቃው በስንት ቀን እጃችን ይገባል?» ነው። በጥቅምት ተሰብሮ በጥር ዕቃ የሚመጣለት ትራክተር ለሣር አጫጅ ምን ይረባዋል?

የፍተሻው ቀን

ሻጩ ቀን ቆርጦ «ኑ እዩ» ሲል ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ሊጠብቀን ይችላል። ስንደርስ በመጀመሪያ እጃችንን ሞተሩ ላይ እናሳርፍ። ሞቆ ካገኘነው እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ፤ የታመመ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በጠዋት በብርድ ሲነሣ ነው። የጫንጮ ብርድ ደግሞ ለዚህ ፍተሻ የተፈጠረ ነው። ተገፍቶ ወይም ከሌላ ባትሪ ተበድሮ የሚነሣ ከሆነ ይጻፍ።

ከመነሣቱ በፊት የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ወጥቶ ይታይ። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ወተት ከላም እንጂ ከሞተር አይጠበቅም። የራዲያተሩ ውኃ ላይም ዘይት ተንሳፎ እንደሆነ ይታይ።

ከተነሣ በኋላ ጭሱን እንይ። በብርድ ሲነሣ ትንሽ ነጭ ጭስ አሳይቶ ሲሞቅ ከጠፋ አያስፈራም። ሰማያዊ ጭስ ሳያቋርጥ ከመጣ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የዘይቱ መሙያ ክዳን ይከፈትና ትንፋሹ ይታይ፤ እንደ ወፍጮ እየነፋ ከመጣ ፋሻውና ሲሊንደሩ አልቋል። ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቶ አየር አንሶታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሻጩ «ከፍታው ነው፣ ጫንጮ ላይ ሁሉም ይጨሳል» ሊል ይችላል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለጥቁሩ ጭስ በከፊል እውነት አለው። ለሰማያዊው ግን ከፍታን ማሳበብ አይቻልም።

የከፍታውን ነገር ካነሣን ዋናውን አንርሳ። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ በግምት ከመቶ 20 እስከ 25 ያጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 25 ፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ እኛ ጋ ሲመጣ ወደ 20 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ተራ የድርቆሽ ማሠሪያ ማሽን 35 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ይፈልጋል። «ድርቆሽም ያስራል» እየተባለ የሚሸጥልን ትንሽ ትራክተር ማሠሪያው ተገጥሞለት ፊታችን ላይ ይሰር፤ በወሬ አያስር።

ከዚያ በኋላ በሥራ ይፈተን። ባዶውን መንገድ ላይ ሲሮጥ ማየት ፍተሻ አይባልም። የተጫነ ተጎታች ይዞ ዳገት ይውጣ፣ ቁልቁለት ይውረድ፤ ማርሹ ከጭነት በታች እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው ታሟል። በከኋላው ማንሻ ከባድ ዕቃ አንሥቶ ሞተሩ ይጥፋ፤ ዕቃው ወዲያው ዝርግፍ ብሎ ከወረደ ሃይድሮሊኩ ያፈሳል። ከኋላ ማሽን የሚያዞረው ዘንግ ከነማሽኑ ይሞከር። የፊት ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ይወዝወዝ። በተለይም ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ቦታ በጨርቅ ተጠርጎ ይታይ፤ ትራክተር እንደ መኪና የተለየ ሻንሲ የሌለው በመሆኑ ሸክሙን የሚሸከመው ይኸው የብረት አካል ነው። እዚያ ላይ ስንጥቅ ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለ ክርክር ሳይበዛ ወደ ቤት መመለስ ነው።

ወረቀት የሌለው ብረት

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል። ይህ ለገበሬው በጎ ነው። ይሁን እንጂ ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሰው እንዲሁ አይተላለፍም፤ የጉምሩክ ፈቃድ ወይም ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ ሊብሬው ብቻ ሳይሆን የገባበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይታይ፤ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር።

ሌላው የዕዳ ጉዳይ ነው። በካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 መሠረት በሊዝ የተሰጠ ማሽን የተከራዩ ንብረት የሚሆነው ክፍያው ተጠናቆ ሲተላለፍለት ነው። የሚንቀሳቀስ ንብረትም በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በዋስትና ሊያዝና ሊመዘገብ ይችላል። ሻጩ ያልጨረሰውን ዕዳ እኛ እንዳንወርስ ከዕዳ ነፃ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር የሚያስገቡ አሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። እያወቀ የገዛውን ጉድለት ግን በኋላ «አላውቅም ነበር» ማለት አይችልም። በዚያች አንዲት መስመር ፈርመን ሕግ የሰጠንን በገዛ እጃችን አናስረክብ። ጉድለቱ ሁሉ በውሉ ውስጥ ይዘርዘር፣ ዋጋውም ያንን ያህል ተቀንሶ ይጻፍ።

ለተቃራኒዎቻችን

«ይህን ያህል መፈተሽ ሻጩን ያስቀይማል፤ ሰውየው የሠፈር ዘመድ ነው» የሚሉ አሉ። ጤነኛ ማሽን ያለው ሰው ሲፈተሽለት ደስ ይለዋል፤ ዋጋውን ያስመሰክርለታልና። በፍተሻ የሚቀየም ሰው የተቀየመው በእኛ ሳይሆን በራሱ ማሽን ነው። ዝምድናም የሚጠበቀው ሒሳቡ ንጹሕ ሲሆን ነው፤ በተበላሸ ትራክተር የተጣላ ዘመድ በሽማግሌ አይታረቅም።

«ሌላ ገዢ ይቀድመናል» የሚሉም አሉ። ይቅደም። ሌላ ገዢ አለ የሚለን ማን ነው? ሲሸጥ ብቻ ድርሻውን የሚያገኘው ደላላ አይደለም? የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ሲባል ሰምተን የለም? የሚሸጥ ትራክተር ዛሬም አለ፣ ነገም አለ፤ የተበላ መዋጮ ግን ነገ የለም።

«ታዲያ ዘንድሮ ሣራችን ይበስብስ?» ለሚሉ ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። ጤነኛ ማሽን በትክክለኛ ዋጋ ካልተገኘ፣ ለዘንድሮ በሰዓት ወይም በሄክታር እንከራይ። የኪራዩ ገንዘብ ይታወቃል፣ ያልቃል። የተበላሸ ማሽን የሚበላው ገንዘብ ግን ማለቂያ የለውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲጸድቅ የምናቀርበው ይህ ነው፦

1ኛ/ ፍተሻው ተጠናቆ ሪፖርቱ ለአባላት ሳይነበብ ቀብድ እንዳይከፈል፤

2ኛ/ ሦስት አባላት እንዲመረጡ፤ አንዷ በጥቅምት የሣር ሥራውን የምታውቅ ሴት እንድትሆን፤

3ኛ/ መካኒኩን ማኅበሩ ራሱ መርጦ እንዲከፍለው፤ በደላላው የመጣ መካኒክ የደላላው ምስክር እንጂ የእኛ አይደለምና፤

4ኛ/ ከላይ እንደተቆጠረው ዋጋው በወረቀት ተሰልቶ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፤ ከዚያ ዋጋ በላይ ማንም፣ ሊቀመንበሩም ይሁን ጸሐፊው፣ ቃል እንዳይገባ፤

5ኛ/ ከዋጋው በተጨማሪ ለጎማ፣ ለዘይትና ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ ተለይቶ እንዲቀመጥ፤ ሣጥኑን አራግፎ የተገዛ ትራክተር በመጀመሪያው ብልሽት ይቆማልና።

ወገኖቻችን! ላም ስትገዙ የምትጠይቁትን ያህል ጠይቁ፤ ልጃችሁን ስትድሩ የምታጣሩትን ያህል አጣሩ። በስብሰባው ላይ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ለራሳችሁ ጠይቁ፦ ይህ ገንዘብ የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ሳላይ እቆጥረው ነበር ወይ? የማኅበር ገንዘብ የማንም አይደለም ማለት አይደለም፤ የሁላችን ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው
ጫንጮ